የታሰረ ምላስና የሚያጠባ ጡት፦ የአንዲት ትንሽ ቀዶ ሕክምና ታሪክ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1601 በፈረንሣይ አገር በፎንቴንብሎ ቤተ መንግሥት የንጉሥ አንሪ አራተኛ አልጋ ወራሽ ተወለደ። ሕፃኑ በኋላ ሉዊ አሥራ ሦስተኛ ተብሎ የነገሠው ነው። ሐኪሙ ዣን ኤሯር ልጁ የጠባውን፣ የተኛውንና ከሆዱ የወጣውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ይመዘግብ ነበር፤ ይህንንም ልማድ እስከ ሞተበት እስከ 1628 ድረስ አላቋረጠም። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ሕፃኑ ጡት ለመጥባት እንደተቸገረ፣ አፉ ሲታይም ከምላሱ ሥር ያለው ክር የችግሩ ምክንያት ሆኖ እንደተገኘ፣ ቀዶ ሐኪሙ ዣክ ጊየሞም ክሩን እንደቆረጠው ተጽፎ ይገኛል።

በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጅ የሚጠባው የእናቱን ጡት ሳይሆን ለዚሁ ሥራ የተመረጠችን ሴት ጡት ነበር። ሕፃኑ በታሰረ ምላሱ ሲታገል ያች ሴት ምን ያህል እንደተሠቃየች ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚናገረው ማስታወሻ አያነሣም። የተጻፈው የልጁ ችግር ብቻ ነው። ይህ ዝምታ የኤሯር ጉድለት ነው ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ከዘመኑ ሐኪሞች በትጋቱ የሚወዳደረው ጥቂት ነበር። ዝምታው ከእርሱ በፊትም ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ ሦስት መቶ ዓመታት ያህል ቆየ።

ሐኪሞች ፍሬኑለም የሚሉት ይህ ክር ስሙን ያገኘው ከላቲን ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ልጓም ማለት ነው። ማንኛውም ሰው አለው። ችግር የሚሆነው አጭር፣ ወፍራም ወይም እስከ ምላስ ጫፍ ድረስ የተሳበ ሆኖ ምላስ እንዳይነሣና ከድድ አልፎ እንዳይወጣ ሲይዘው ነው። ልጓም የሚለው ስያሜ ምላስን በመጀመሪያ ደረጃ ከንግግር ጋር ያያይዛል፤ የጥንት ሐኪሞችም የተመለከቱት በዚሁ ዓይን ነበር። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማዊው ኬልሱስ በሕክምና መጽሐፉ ምላሳቸው ከሥሩ ተጣብቆ ስለሚወለዱ ሰዎች ሲያወሳ መናገር እንደማይችሉ ገልጾ፣ ምላስን በመቆንጠጫ ይዞ ክሩን መቁረጥ እንደሚገባ፣ በአጠገቡ ያሉትን የደም ሥሮች ግን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ይመክራል። ኬልሱስ ሐቀኛ ጸሐፊ ነበርና፣ ምላሱ ተፈትቶ ከጥርሱ አልፎ መውጣት ቢችልም መናገር ያልሆነለት አንድ ሰው እንደሚያውቅ ሳይደብቅ ጽፏል። በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጳውሎስ ዘአይጊና፣ በ1000 ዓመት ገደማም የኮርዶባው አዝ-ዘህራዊ፣ ከልደት የሚመጣውን የምላስ እስራት ከቁስል ጠባሳ ከሚመጣው ለይተው አስቀመጡ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የምላሱ እስራት የተፈታለት ሰው ታሪክም የሚደመደመው አጥርቶ በመናገሩ ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል ጡት የለም።

ጡት በሌላ መደርደሪያ ላይ ነበር። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሴቶች ሕክምና የጻፈው ሶራኑስ አጥቢ ሞግዚት ስትመረጥ የጡቷ ጫፍ እንዲመረመር ያዛል። ምክንያቱ ግን ስለ እርሷ አይደለም፤ ከመጠን ያለፈ ትልቅ ጫፍ የሕፃኑን ድድ ይጎዳል፣ ምላሱንም ያሰናክላል የሚል ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የአውሮፓ አዋላጆች የቆሰለ የጡት ጫፍን በቅባት፣ በሰምና በልዩ ልዩ መሸፈኛ ማከም ጀመሩ። መሸፈኛው ከእንጨት፣ ከቀንድ፣ ከዝሆን ጥርስ፣ ከብር፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከእርሳስ ይሠራ ነበር። ዋንስብሮ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያስተዋወቀው የጡት ጫፍ መሸፈኛ ከእርሳስ የተሠራ ነበር፤ ከእንዲህ ዓይነቱ መሸፈኛ ጋር የሚጠቡ ሕፃናትም በእርሳስ ይመረዙ እንደነበር በኋላ ታውቋል። የእናት ቁስል በአዋላጆች መጽሐፍ፣ የልጅ ምላስ በቀዶ ሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ቢቆይም፣ አንደኛው የሌላው ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አንሥቶ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን የዘረጋ ሰው ለረጅም ጊዜ ጠፋ።

አንድ ቦታ ላይ ግን የሁለቱ መንገድ ይገናኝ ነበር፤ በአዋላጇ እጅ። በአሥራ ስድስተኛውና በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ አዋላጆች አንድ ጥፍራቸውን አስረዝመው እንደተወለደ የሕፃኑን የምላስ ክር ይሸነትሩ ነበር። የፓዱዋው ሊቅ ፋብሪቺዩስ ይህን ልማድ በብርቱ ነቅፏል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ፈረንሣዊው ቀዶ ሐኪም ዣን-ሉዊ ፔቲ ክሩ ከተቆረጠ በኋላ በመድማት ወይም ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮን በመዝጋት ሕፃናት ሊሞቱ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። ሐኪሞቹ አዋላጆችን የነቀፉት በሙያ ቅናት ጭምር ይሆናል፤ የቆሸሸ ጥፍርን በተመለከተ ግን እውነታቸውን ነበር።

ይህ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ባዕድ አይደለም። የሕፃን ጉሮሮ ሲታመም ወይም ጡት አልይዝ ሲል እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ባልጸዳ ስለት እንጥል ሲቆረጥ፣ ከዚያም መድማትና መመረዝ ሲከተል ያላየ ነባር ባለሙያ ጥቂት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሚደርስ የአካል ጉዳት ላይ ቅጣት ደንግጓል። እንጥልን መቁረጥ ጤነኛ አካልን ያለ ጥቅም ማጉደል ነው፤ በእርግጥ የታሰረን ምላስ መፍታት ግን ሌላ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የልጅን አፍ አታስነኪ ተብላ ለዓመታት የተመከረች እናት ሁለቱን በአንድ ዓይን ብታይ አይፈረድባትም። እንዲህ ባለ አገር ከመቀሱ በፊት ሰፊ ማብራሪያ መቅደም ይኖርበታል።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀየረው መቀሱ ሳይሆን ጡቱ ነው። የዱቄት ወተትና ጡጦ በምዕራቡ ዓለም እየተስፋፉ ሄዱ። በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከወለዱት እናቶች ማጥባት የጀመሩት አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ነበሩ። ጡጦ ደግሞ ከምላስ ብዙ አይጠይቅም። ምላሱ የታሰረ ሕፃን ከጡጦ ጠጥቶ ያድጋል፤ የሚታመም ጡትም የለም። ማጥባት ያቃታት እናት ጡጦ እንድትሰጥ ስለምትመከር ችግሩ ሳይታይ ያልፍ ነበር። በ1941 በአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ የማክኤነሪና የጌይንስ ጽሑፍ የንግግር ችግር ያለባቸውን ብዙ ልጆች መርምሮ የምላስ እስራት ከስንት አንድ ጊዜ ብቻ ምክንያት ሆኖ እንደሚገኝ አሳየ። መደምደሚያው ትክክል ነበር፤ ኬልሱስም በአንድ ሕመምተኛ ላይ ያየው ይህንኑ ነው። ሆኖም ስለ ንግግር የተሰጠው መልስ ስለ ጡትም እንደተሰጠ ተቆጠረና፣ የምላስ እስራት የአያቶች ተረት ነው የሚል ትምህርት ለሁለት ትውልድ ያህል ሐኪሞች ተላለፈ።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ማጥባት እንደገና ሲያንሰራራ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። ይህን መጀመሪያ ያስተዋሉት በአብዛኛው ከእናቶች አጠገብ ቁጭ ብለው አጠባብን የሚመለከቱ የጡት ማጥባት አማካሪዎች ነበሩ። በትክክል የሚጠባ ሕፃን አፉን በሰፊው ከፍቶ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል ጭምር ይጎርሳል። ምላሱ የታችኛውን ድድ አልፎ ይወጣና ጡቱን እንደ ማንኪያ ያቅፋል፤ የጡቱ ጫፍም ወደ ውስጥ ዘልቆ ድድ በማይደርስበት ቦታ ያርፋል። ምላሱ የታሰረ ሕፃን ግን ጡቱን መያዝ ሲያቅተው ይንሸራተትና ጫፉን ብቻ በድዱ ያኝካል። ጫፉ ከአፉ ሲወጣ በአንድ ወገን ተጨፍልቆና ነጥቶ ይታያል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ጡቱ በሚገባ ስለማይታለብ ያግታል፣ ይቆጣል፣ ውሎ አድሮም ወተቱ ይቀንሳል። ሕፃኑ አንድ ሰዓት ጠብቶ ሳይጠግብ ያንቀላፋል፤ ክብደት አይጨምርም። እናቲቱም የሚቀጥለውን የማጥቢያ ሰዓት በፍርሃት ትጠብቃለች።

በ1990 በጡት ማጥባት ሙያ መጽሔት ላይ የወጣ የማርሜትና የባልደረቦቿ ጽሑፍ የማጥባት ችግርን ለማቃለል የጨቅላ ምላስን መፍታት ሊያስፈልግ እንደሚችል ገለጸ። በ1993 ሄዝልቤከር የክሩን መልክ ብቻ ሳይሆን የምላሱን አሠራር የምትመዝንበትን መለኪያ አዘጋጀች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ክሩ ጎልቶ የሚታይ ሆኖ ያለ ችግር የሚጠባ ልጅ ብዙ ነውና። በ2002 ባላርድና ባልደረቦቿ በሲንሲናቲ 2763 ጡት የሚጠቡ አራስ ሕፃናትን መርምረው በ88ቱ፣ ማለትም በ3.2 በመቶው ላይ የምላስ እስራት አገኙ። በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ደግሞ ከ1866 ልደቶች 201 ሕፃናት ምላሳቸው የታሰረ ሲሆን፣ ከእነርሱ ውስጥ የመመገብ ችግር የታየባቸው 88ቱ፣ ወይም 44 በመቶው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከግማሽ የሚበልጡት መቀስ አላስፈለጋቸውም ማለት ነው። ችግር ካለባቸው መካከል 57ቱ በዕጣ ተከፍለው ውጤቱ በ2005 ታተመ፦ ክሩ ከተቆረጠላቸው 28 ሕፃናት 27ቱ ሲሻሻሉ፣ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው 29 መካከል የተሻሻለው አንድ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያ ጥናት ማን እንደተቆረጠለት እናቶቹ ያውቁ ነበር። ተስፋ ደግሞ ሕመምን ያስታግሣል። በእስራኤል ዶልበርግና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት ጥናት የጡታቸው ጫፍ የታመመባቸው 25 እናቶች ልጃቸው ወደ ሌላ ክፍል ይወሰድና፣ ለአንዳንዶቹ መጀመሪያ እውነተኛው ሥራ፣ ለሌሎቹ መጀመሪያ የማስመሰል ሥራ ይደረግ ነበር። እናቶቹ የትኛው እንደተደረገ ሳያውቁ አጥብተው ሕመማቸውን በቁጥር ተናገሩ፤ ሕመሙ በእርግጥ የቀነሰው ክሩ ሲቆረጥ ነበር። በ2008 ጌዲስና ባልደረቦቿ በአውስትራሊያ 24 እናቶችን ከነልጆቻቸው በአልትራሳውንድ እየተመለከቱ የታሰረው ምላስ የጡቱን ጫፍ እንዴት እንደሚጨምቅና ከተፈታ በኋላ ጭመቃው እንዴት እንደሚቀንስ በምስል አሳዩ። በ2017 የኮክሬን ግምገማ አምስት የዕጣ ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 302 ሕፃናትን አሰባስቦ ሲመዝን ያገኘው ውጤት ታሪኩን ይገለብጠዋል። ቀዶ ሕክምናው የሕፃኑን አጠባብ ያሻሽል እንደሆነ ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ የእናቲቱን የጡት ጫፍ ሕመም እንደሚቀንስ ግን ታይቷል። ለዘመናት ማንም ያልጠየቀው ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚለካው ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ደግሞ መለኪያው ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች የምላስ እስራት ምርመራ በ1997 ከነበረበት 3934 በ2012 ወደ 32837 አሻቀበ። የጨቅላ ምላስ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስምንት እጥፍ አይታሰርም፤ የጨመረው የተመልካቹ ዓይን ነው። ሌዘር የያዙ ክሊኒኮች በዙ፤ የከንፈርና የጉንጭ እስራት የሚባልም መጣ። በ2019 ከኒውዚላንድ የታተመ የሚልስና የባልደረቦቿ የአናቶሚ ጥናት ፍሬኑለም ራሱን የቻለ ገመድ እንዳልሆነ፣ ምላስ ሲነሣ የሚፈጠር የአፍ ወለል ስስ ሽፋን እጥፋት መሆኑን አመለከተ፤ በአንዳንዶቹም የምላስ ነርቭ ቅርንጫፎች ከሽፋኑ ሥር በቅርብ እንደሚያልፉ ታየ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2024 ባወጣው ዘገባ በሚያጠቡ እናቶች ላይ የሚደርሰው ችግር በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ሊረዳ እንደሚችል አስገንዝቧል። በእርግጥም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ሕመም የሚበዛው ከአስተቃቀፍና ከአጎራረስ ነው፤ እርሱን ሳያስተካክሉ መቀስ ማንሣት የአዋላጇን ጥፍር በሌላ መልክ መድገም ይሆናል። የአጎራረስ እርዳታው ተሰጥቶ ሕመሙ ካልተሻለ፣ ምላሱም በእርግጥ ከተያዘ ግን ሥራው አጭር ነው። ቤተሰቡ የመድማት በሽታ እንደሌለበት፣ ሕፃኑም ቫይታሚን ኬ እንደወሰደ ይረጋገጣል። ሕፃኑ ይጠቀለላል፣ ምላሱ ይነሣል፣ ስሱ ክር ጫፉ ደነዝ በሆነ መቀስ ይቆረጣል፣ ወዲያውም ጡት ይሰጠዋል።

ሁሉንም ይቋጫል ተብሎ በእንግሊዝ የተጀመረው ትልቅ የዕጣ ጥናት በ2023 ይፋ የሆነው ቁርጥ ያለ መልስ ሳይዝ ነው። ብዙ መቶ እናቶች ይጠበቁ ነበር፤ የገቡት 169 ብቻ ሆኑ። በሦስተኛው ወር በቀዶ ሕክምናው ምድብ 88 በመቶ፣ በሌላኛው ምድብ 86 በመቶ የሚሆኑት የእናት ጡት ወተት ያገኙ ነበር። ልዩነቱን ማመን የሚከብደው ግን በቁጥሩ ማነስ ብቻ አይደለም። ሳይቆረጥ ይቆይ በተባለው ምድብ ውስጥ ከነበሩት ሕፃናት 73 በመቶ ያህሉ የጥናቱ ጊዜ ሳያልቅ ክሩ ተቆርጦላቸዋል።