የክሪስፒ መብራት

እኛ የኮልፌ ልጆች ባሕር አናውቅም፤ ዓድዋን ግን እናውቃለን። የዓድዋ ነገር ሲነሳም የኢጣሊያውን ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒን ከሥልጣን አውርደን ወሬውን እንዘጋለን። የሰውዬው ስም ግን በዚያ አላበቃም፤ ባሕር ዳር ቆሞ መርከብ ሲመራ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከተከፈተ ወዲህ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ቦዩ የሚሄድ ብዙ መርከብ በአፍሪካ ቀንድ ጫፍ፣ ጓርዳፉይ በሚባለው የሶማሊያ ስፍራ ይታጠፋል። ከደቡብ ለሚመጣው ግን ከዋናው ጫፍ በፊት እሱን የሚመስል ሌላ ተራራ አለ። በክረምቱ ነፋስና ጭጋግ "ደረስኩ" ብሎ ያለቦታው የታጠፈ መርከብ ከምድሩ ይላተማል። ስንቱ እዚያው ቀረ!

ኢጣሊያ በ1924 መብራት ተከለችና "ፍራንቼስኮ ክሪስፒ" አለችው። በ1930 ደግሞ በድንጋይ ግንብ ተካችው። ቅርጹስ? የፋሺስቶች አርማ፣ የታሰረ የበትር ነዶ ከነመጥረቢያው! እንግዲህ ልብ በሉ፤ በ1896 ጦሩ ዓድዋ ላይ ድል ሆኖ ከወንበሩ የወደቀ ሰው በመጥረቢያ ታጅቦ ተመለሰ። በ1935 መጥረቢያው ወደኛ ዞረ። ለግራዚያኒ ጦር ወታደርና መሣሪያ ከኢጣሊያ ወደ ሞቃዲሾ የጫነው መርከብም በዚያው ጫፍ ዞሮ አለፈ።

መብራቱ መርከበኛ አድኗል፤ ይህን አንክድም። ማንን ለማን እንዳበራ ግን እንጠይቃለን።

ፋሺስት በ1941 ካገራችን ተባረረ፤ መብራቱም በ1957 ሥራውን አቆመ። ግንቡ ቀርቷል። "ይፍረስ" የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ይቁም እንላለን፤ ስሙን ስናነብ ግን ከነዓድዋው እናንብበው።