ታርሞ የተመለሰ ደብዳቤ፦ የርቀት ትምህርት እንዴት ተጀመረ?

አንዲት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ሳትወጣ፣ እንግሊዝ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ በኅትመት ሥራ ማስተርሷን በርቀት እየተማረች ነው። ቀን ቢሮ ትውላለች፤ ማታ ማታ ስለ አርትዖት፣ ስለ ቅጂ መብትና ስለ መጽሐፍ ዋጋ አወጣጥ ታነባለች። መጀመሪያ ስትነግረኝ «ማተሚያ ቤት ሳይረግጡ የኅትመት ትምህርት ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ቀለድኩባት። እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ግማሽ ትምህርት ይመስለኛል። እሷ ግን «የርቀት ትምህርት ራሱ ኅትመት መሆኑን አታውቅም ማለት ነው» አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝና ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ።

እስቲ ወደ 1830ዎቹ እንግሊዝ እንሂድ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ የደብዳቤ ዋጋ የሚሰላው በሚጓዘው ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለውም ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ደብዳቤ መጣላችሁ ተብላችሁ፣ ለመቀበል ገንዘብ ስትጠየቁ አስቡት! በ1837 ሮውላንድ ሂል የተባለ ሰው ቀላል ሐሳብ አቀረበ፦ ዋጋው ክብደትን እንጂ ርቀትን አይከተል፣ ላኪው አስቀድሞ ይክፈል። በ1840 መጀመሪያ ግማሽ አውንስ፣ ማለትም 14 ግራም ገደማ የሚመዝን ደብዳቤ በአገሪቱ ውስጥ የትም ቢሄድ ዋጋው አንድ ፔኒ ሆነ። በዓመቱ ውስጥ የደብዳቤዎቹ ቁጥር ከ76 ሚሊዮን ወደ 169 ሚሊዮን ገደማ ዘለለ።

ይህን ዕድል ቶሎ ከተጠቀሙበት አንዱ በባዝ ከተማ ይኖር የነበረው መምህር አይዛክ ፒትማን ነው። ፒትማን ንግግርን በተነገረበት ፍጥነት ለመጻፍ የሚያስችል የምልክት ጽሕፈት፣ ሾርትሃንድ የሚባለውን፣ በ1837 አሳትሞ ነበር። በ1840 ሥርዓቱን አሳጥሮ በአንድ ገጽ አተመውና በፖስታ መላክ ጀመረ። ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ጥቅሶች ወስደው በምልክቶቹ ይጽፉና ይልኩለታል፤ እሱም አርሞ ይመልስላቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ትምህርት በፖስታ መላክ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ በ1728 ካሌብ ፊሊፕስ የተባለ መምህር ቦስተን ውስጥ ይህንኑ በጋዜጣ አስተዋውቆ ነበር። አዲሱ ነገር ተመልሶ የሚመጣው እርማት ነው። እኛ ምህንድስና ላይ ግብረ መልስ እንለዋለን። ሙቀቱን የማይለካ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራውን ቢያሳርረውም አያውቅም፤ ቴርሞስታት ያለው ግን ሙቀቱን እየለካ ራሱን ያስተካክላል። መጽሐፍ ብቻውን እንደ መጀመሪያው ምጣድ ነው። ርካሽ ፖስታ ቴርሞስታቱን ገጠመለት።

በ1858 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ሌላ በር ከፈተ፦ የትም ተማር፣ ፈተናዎቹን ካለፍክ ዲግሪው ያንተ ነው። «ያንተ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሴቶች ዲግሪ እንዲያገኙ የተፈቀደው በ1878 ነውና። ዩኒቨርሲቲው ግን እነዚህን ተማሪዎች ይፈትናል እንጂ አያስተምርም። ክፍተቱን ከሞሉት አንዱ ዊልያም ብሪግስ በ1887 ያቋቋመው የደብዳቤ ኮሌጅ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ባዮሎጂ ያስተምር የነበረው ማን መሰላችሁ? ኤች ጂ ዌልስ! አዎ፣ የ«ዘ ታይም ማሽን» ደራሲ። ከዚያ ልብ ወለድ በፊት፣ በ1893፣ ለእነዚሁ ተማሪዎች ጥንቸልንና እንቁራሪትን እየበለተ የሚያስረዳ መማሪያ መጽሐፍ ጻፈ፤ ያሳተመውም የኮሌጁ የራሱ ማተሚያ ነው። መምህሩ አጠገብ ስለሌለ ተማሪው የት ጋ ግራ እንደሚጋባ አስቀድሞ መገመት ያለበት መጽሐፉ ነው። ጓደኛዬ እንደምትለው የአንድ አርታኢ ዋና ሥራም ይኸው ነው።

መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ምን ያህል ውድ እንደነበር ይታያል። ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት ታስሮ ሳለ የለንደን ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት በርቀት ይከታተል ነበር። በድብቅ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ ረቂቅ በ1977 እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ቅጣቱ ግርፋት አልነበረም፤ እሱና ጓዶቹ የመማር ፈቃዳቸውን ለአራት ዓመት ተነጠቁ። አሳሪዎቹ የቱ ጋ እንደሚያም አውቀው ነበር። ሆኖም የረቂቁ ቅጂ ቀደም ብሎ ሾልኮ ወጥቶ ስለነበር በ1994 ለታተመው «ሎንግ ዎክ ቱ ፍሪደም» መሠረት ሆነ። የሕግ ዲግሪውንም ማንዴላ በ1989፣ ገና እስረኛ ሳለ፣ የርቀት ትምህርት ከሚሰጠው የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ አገኘ።

ስለ ላብራቶሪ ያልኩትን ታስታውሳላችሁ? አፈርኩ። በ1969 የተቋቋመው የብሪታንያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1971 ማስተማር ሲጀምር ለሳይንስ ተማሪዎቹ የሙከራ ዕቃ በሣጥን እያሸገ ቤታቸው ድረስ ይልክ ነበር፤ ትንሽ የፕላስቲክ ማይክሮስኮፕ ሳይቀር። የትምህርቱን ጽሑፍ የሚያዘጋጀውም አንድ ፕሮፌሰር ብቻውን ሳይሆን ምሁራን፣ አርታኢዎችና የቢቢሲ አዘጋጆች አብረው የሚሠሩበት ቡድን ነበር። ልክ እንደ ማተሚያ ቤት ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ አሳይመንት ታርሞ መጣላት። የአንድ የልጆች መጽሐፍ የኅትመት በጀት ነበር። መምህሯ ኅዳጉ ላይ የወረቀቱን ማጓጓዣ መርሳቷን ጽፎላታል። አነበበችው፣ ሳቀች፣ ከዚያ ስልኳን አንስታ ዋጋ ለመጠየቅ ማተሚያ ቤት ደወለች።