ቢጫዋ ሳንቲም

ወዳጆቼ፣ ቅዳሜ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። ከፖርቶቤሎ ገበያ አንድ ሸምገል ያሉ እንግሊዛዊ ጫንኩ። አሮጌ ሳንቲም ይሰበስባሉ። መብራት ይዞን ስንቆም አንዲት የናስ ሳንቲም እያገላበጡ፣ «አንድም የላቲን ፊደል የለባትም። አርመንኛ ትሆን? ወይስ የቁማር ቤት ናት?» አሉኝ።

ተቀብዬ አየኋት። በአንድ ወገን አንበሳ ያገሳል፣ በሌላው ደጋ አጋዘን ቆሟል። «ይቺማ የኛዋ አስር ሳንቲም ናት! ልጅ ሆኜ ስንት ከረሜላ በልቼባታለሁ!» አልኳቸው።

«ዓመቱስ?»

፲፱፻፷፱። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፤ አስር፣ ዘጠኝ፣ መቶ፣ ስልሳ፣ ዘጠኝ። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም፤ ሃያውም ስልሳውም የራሱ ምልክት አለው። ሰውየው ደስ ብሏቸው፣ «1969? ታዲያ የኃይለ ሥላሴ ዘመን ናታ!» አሉ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የኛ 1969 በነሱ ከመስከረም 1976 እስከ መስከረም 1977 ነው። ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ማስረጃው ራሷ ሳንቲሟ ላይ አለ። በ1936ቱ የመዳብ ሳንቲም ላይ የጃንሆይ መልክ ነበር፤ በጀርባውም ዘውድ የደፋና መስቀል የያዘ አንበሳ። ደርግ አንበሳውን አላባረረውም፤ ዘውዱንና መስቀሉን ነጥቆ ጭንቅላቱን ብቻ አስቀረው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» የምንለው ከነሱ ወስደን ነው። ጣሊያን በ1933 ሲባረር ከእንግሊዝ ጦር ጋር የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ። በ1937 የራሳችን ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ሽልንጉ ሄደ፣ ስሙ ግማሽ ብር ላይ ቀረ። ሰውየው ሲወርዱ ሂሳባቸውን ከፍለው ሳንቲሟንም ሰጡኝ። «የባለቤቷ እጅ ገባች» አሉ።

ማታ ቤት ገብቼ እዚሁ ለንደን ለተወለደች ልጄ ሰጠኋት። አገላበጠቻትና፣ «አባዬ፣ የጌም ቤት ናት?» አለች። ከሽማግሌው ጋር ስቄ ነበር፤ ከልጄ ጋር ግን መሳቅ አቃተኝ። ቁጭ ብለን ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችው። ከዚያ፣ «በዚያ ዓመት ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያ ዓመት ጥር 26 ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተገድለው መንግሥቱ ወንበሩን ጠቀለለ። በሐምሌ ሶማሊያ ወረረችን። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜም በዚያው ዓመት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን እስከዚያች ማታ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

እባካችሁ፣ በየመሳቢያችሁ የተጣለች ሳንቲም ካለች አውጡና ልጆቻችሁ ዓመቱን ያንብቡት። የቀረውን ራሳቸው ይጠይቋችኋል።