የመምህሯ ማሰራጫና የተማሪው መቀበያ

የመማሪያ ክፍል ኤፍኤም ማዳመጫ። አሜሪካ፣ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.)። ፕላስቲክ፣ ብረት፣ ገመድ።

ትንሹን ሳጥን መምህሯ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ትልቁን መስማት የሚቸግረው ልጅ በማንገቻ ደረቱ ላይ ያስረዋል፤ ቀጫጭኖቹ ገመዶች ወደ ጆሮዎቹ ይሄዳሉ። በሁለቱ መካከል ሽቦ የለም። ድምፁ የሚጓዘው ከ72 እስከ 76 ሜጋኸርዝ ባለው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ የጎረቤት ክፍሎች ቻናል ካልተለያየ የሂሳቡ ትምህርት ታሪክ ክፍል ውስጥ ይሰማል።

ተራው የመስሚያ መሣሪያ የወንበር ሲጥሲጥታንም የጓደኛ ሹክሹክታንም ከመምህሯ ድምፅ ጋር አብሮ ያጎላል። በዚያ ላይ ገላጣ ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። እዚህ መላው ቀላል ነው፦ ማይክሮፎኑ ከመምህሯ አፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የአንገት ሐብል ካደረገች ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ሐብሉን ነው።

መሣሪያው ሠራ አልሠራ የሚታወቀው በዳንኤል ሊንግ ስም በሚጠራው ፍተሻ ነው። መምህሯ ከንፈሯን በወረቀት ጋርዳ «አ»፣ «ኡ»፣ «ኢ»፣ «ም»፣ «ሽ»፣ «ስ» ትላለች፤ ልጁ ይደግማል። ከስድስቱ አንዱ ከቀረ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባትሪና ገመድ ይፈተሻል።

ማብሪያ ማጥፊያውን ልብ ይበሉ። መምህሯ ሳትዘጋው ኮሪደር ላይ ከባልደረባዋ ጋር ካወራች፣ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ወሬውን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው።