የባዮኬሚስትሪ ማስተርስ ትምህርት በጀርመን

የሕያዋንን ኬሚካዊ ሂደት የሚያስጠና፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሴሚስተርና 120 የአውሮፓ ክሬዲት ያለው የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር ነው። የዘርፉ ቀደምት ማዕከል ቱቢንገን ናት፤ በከተማዋ ቤተ መንግሥት በነበረው የባዮኬሚስቱ ሆፐ-ዛይለር ቤተ ሙከራ፣ ተመራማሪው ፍሪድሪክ ሚሸር በ1869 እ.ኤ.አ. ኋላ ዲኤንኤ የተባለውን ንጥረ ነገር ከነጭ የደም ሕዋሳት ለይቶ አወጣ። የአውሮፓን ከፍተኛ ትምህርት ለማቀራረብ በ1999 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የቦሎኛ ስምምነት በኋላ ነባሩ የጀርመን የዲፕሎም ሥርዓት ቀስ በቀስ በባችለርና በማስተርስ ተተካ። የትምህርቱ እምብርት ቤተ ሙከራ ነው፦ ተማሪው በምርምር ቡድኖች ውስጥ እየተዘዋወረ ፕሮቲን ማጣራትን፣ የኢንዛይም ፍጥነት መለካትንና የሞለኪውል ቅርጽ ጥናትን ይለማመዳል፤ በመጨረሻም 6 ወር ገደማ የሚወስድ የመመረቂያ ጥናት ይሠራል። ዲግሪው ለዶክትሬት ጥናት መግቢያ ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የባደን-ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል።