የድምፅ ዘበኛ

ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ባለችው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከቴፑ አጠገብ አንድ የብረት ሣጥን ተቀምጧል። የፊቱ መርፌ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ከሆዱም ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ስሙ ስታቢላይዘር ነው። ግጥም የሚወድ ሰው ስለ ብረት ሣጥን ምን ያወራል የሚል ቢኖር፣ ታሪኩን ሰምቶ ይፍረድ።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በ1890 ዓ.ም. ግድም የዐፄ ምኒልክ ግቢ በጄኔሬተር እንደበራ ይነገራል። ብርሃኑ ከግቢው ወጥቶ ተራው ሰው ሳሎን እስኪደርስ ግን ብዙ ዘመን አለፈ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ በቆቃ ተገድቦ 43 ሜጋ ዋት ያህል ማመንጨት ጀመረ። ብርሃኑን ዜማ ተከተለው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ የነበረውን የሸክላ ብቸኛ መብት ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ህንድ አሳትሞ አወጣ። ኋላም ካሴት መጣና ሸክላን ተካ፤ ካሴት ዘፈን ብቻ ሳይሆን፣ ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ የሚላክ የድምፅ ደብዳቤም ሆነ።

እኛም ቤት እንዲህ ያለ ደብዳቤ አለ። አባቴ እኔ ሳልወለድ ለአክስቴ የላከው ነው፤ እርሱ ካረፈ በኋላ መልሳ ሰጠችን። ከርሱ ሌላ የአባቴ ድምፅ የተቀረጸበት ነገር የለንም።

አንድ ምሽት ካሴቱን እያዳመጥን ሳለ መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከልክ በላይ ነበርና አምፖሉ ፈነዳ፣ ቴፑም ጨሰ። የሠፈራችን ጠጋኝ ካሴቱን በብዙ ጥንቃቄ ሲያወጣው አንድ ስንዝር የሚያህል ክር ተጨማዷል። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ አንድ ስንዝር ማለት አራት ሰከንድ ነው። በእነዚያ አራት ሰከንዶች ውስጥ አባቴ የእናቴን ስም ይጠራ ነበር።

«የኔ ልጅ፣» አሉኝ ጋሼ ጠጋኙ፣ «ለፍሪጁ ዘበኛ ገዝታችሁ ለአባትህ ድምፅ አልገዛችሁም?»

ሣጥኑን ገዛሁ፤ አገጣጠሙንም እርሳቸው አስተማሩኝ። ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ወደ ስታቢላይዘሩ፣ ከስታቢላይዘሩ ወደ ዲቫይደሩ፣ ከዚያ ወደ ቴፑና ወደ አምፕሊፋየሩ። ፍሪጅ አብሮ አይሰካም። የመሬት ሽቦው የሁሉም አንድ ይሁን፤ አለዚያ ስፒከሩ ያጉረመርማል። መብራት ሲጠፋ ይነቀላል፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ይታገሡታል። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ኃይሉ ሲወርድ ከፍ፣ ሲወጣም ዝቅ እያደረገ ወደ 220 ቮልት ያቀርበዋል፤ ቀጭ የሚለው መቀያየሪያው ነው። ከዐቅሙ በላይ ሲሆን ቆርጦ ይተወዋል። ሁሉን ግን አይችልም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው፣ ሞተሩ በ60 ኸርዝ የሚመራ ሸክላ ማጫወቻ ቮልቱ ቢስተካከልለት እንኳ በእኛ 50 ኸርዝ ዘፈኑን እያንቀራፈፈ ይጫወታል፤ በደቂቃ 33 ጊዜ ሊዞር የሚገባው ሸክላ ወደ 28 ይወርዳል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ሲመረቅ እንደ ማንኛውም ሰው ደስ ብሎኛል። ሆኖም ከወንዙ እስከ ሳሎኑ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ መጨረሻውም የሠፈር ምሰሶ ላይ ያለች ቀጭን ሽቦ ናት። ጎረቤታችን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስበውን የእንጀራ ምጣድ ስትጥድ የሣጥኔ መርፌ ይወርዳል፤ እኔም ሳላይ እንጀራ እየተጋገረ መሆኑን ዐውቃለሁ።

የታሪክ መጻሕፍት የግድቡን ሜጋ ዋት ይመዘግባሉ። በአንድ ምሽት የጠፋችውን አራት ሰከንድ ግን የሚመዘግብላት የለምና እነሆ እኔ ጻፍኩላት። እናቴ ዛሬም ካሴቱ እዚያች ቦታ ሲደርስ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ከዚያም «እዚህ ጋ ነው የጠራኝ» ትላለች።