የሟቿ ንግሥት ፊት በሂርማታ ገበያ

ከእ.ኤ.አ. 1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት፣ የራሳቸውም ዳኝነትና የግብር ሥርዓት ነበራቸው። ያልነበራቸው መልካቸው የተቀረጸበት ገንዘብ ነው። በግዛታቸው ታላቅ ገበያ በሂርማታ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ይባስ ብሎም በባርነት የተያዘው ሰው ሳይቀር ዋጋው የሚቆረጠው አገሩን አይታ በማታውቅ በአንዲት ሟች ንግሥት ፊት ነበር። እርሷም የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ናት።

ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 መጨረሻ ላይ ነው። ጠገራ ብር የተባለው ገንዘቧ ግን ከዚያ በኋላ መልኩም ዓመቱም ሳይለወጥ ሲታተም ኖረ። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። በአንድ ወገን ባለ ሻሽዋ ንግሥት፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር ይታያል። በላቲን ፊደል ባጭሩ ከተጻፉት ማዕርጎቿ መካከል የቡርጉንዲ መስፍንነት አለበት። የቡና ነጋዴው ይህን አላነበበም፤ ማንበብም አላስፈለገው።

በአውሮፓ ነገሩ ሌላ ነበር። ፍራንቼስኮ ስፎርዛ እ.ኤ.አ. በ1450 የሚላኖን መስፍንነት በጦር ሲይዝ የዘር ሐረጉ ብዙ አያኮራውምና ፊቱን በወርቅ ዱካት ላይ አስቀረጸ። ምስሉ የተሠራው ገዥው ማን እንደሆነ ለተገዢው ለማሳወቅ ነው። በሂርማታ ግን ምስሉ የሚመሰክረው ለብሩ ጥራት ብቻ ነበር። ገበያተኛው የሚመረምረው የንግሥቲቱን የደረት ጌጥና የዘውዷን ፈርጥ ነው፤ ፈርጡ ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ ገንዘቡን ይመልሰዋል። ለዝርዝር ደግሞ አሞሌ ጨው ነበረለት፤ ከአፋር ሜዳ የራቀ አሞሌም ዋጋው እየናረ ይሄዳል።

አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው በየዓመቱ ግብር እየከፈሉ መንግሥታቸውን አቆዩ። ዳግማዊ ምኒልክ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ የራሳቸውን ብር አሳተሙ። ዘውድ የደፋው ምስላቸው በአንድ ወገን፣ የይሁዳ አንበሳ በሌላው ተቀረጸ፤ ክብደቱም ከጠገራው ጋር ተስተካከለ። በ1889 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የወርቅ ገንዘቦችም ነበሩ፤ የእነዚህ ግን ገበያ መውጣት ከቁጥር አይገባም። አዋጁ ቢወጣም ነጋዴው ጠገራውን አልተወም። ይህን ንጉሡን እንደመናቅ መቁጠር ስሕተት ይመስላል። ቡናው በምፅዋም ሆነ በጅቡቲ፣ በኋላም በጋምቤላ በኩል ወደ ውጭ ሲሻገር በኤደንና በጅዳ የሚታወቀው ብር ጠገራው ነበርና።

የባሰው እፍረት የደረሰው በወራሪው ላይ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1936 አገሪቱን ሲይዙ ጅማን የጋላና ሲዳማ ግዛት ዋና ከተማ አድርገው በሂርማታ አጠገብ አዲሱን ከተማ ገነቡ። የንጉሣቸው ስም ያለበትን ሊሬ ግን ገበሬው በወደደ አልተቀበለውም፤ ከአጋሮም ሆነ ከሊሙ ቡና የሚያወርድ ሰው የሚጠይቀው ጠገራ ነው። ሮማ ከ1935 ጀምሮ ቅርጹን ከቪየና አስመጥታ ማርያ ቴሬዛን ስታትም የቆየችውም ለዚሁ ነው። ድል አድራጊው መንግሥት የሌላ አገር ንግሥት ምስል ማተም ግድ ሆነበት።

ጠገራውን ከሥርዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የገንዘብ ሕግ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበት ወረቀት ገንዘብ ገባ፤ ከብር የተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ግን ከገበያ እየጠፋ በየቤቱ ተቀበረ። ሕዝቡ አሁንም ብረቱን እንጂ ፊቱን አልነበረም የሚያየው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ገንዘቡ ሲለወጥ የገዥ ፊት ጨርሶ ቀረ። ሳንቲሞቹ ላይ ዘውድ ያልደፋ የአንበሳ ራስ ተቀረጸ፤ በአምስት ብሩ ኖት ላይም የታየው ቡና የሚለቅም ሰው ነበር።